አራተኛው ዓምድ

«ቶሎ በይ እንጂ ልጄ፤ ለቅሶ ቤቱ ድረስ ገና የግማሽ ሰዓት መንገድ አለብኝ።»

ቄስ መርስዔ ኃዘን ጃንጥላቸውን ዘግተው የሰንበት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ሳሌም ላፕቶፑ እስኪከፈት ድረስ ጣቶቿን እያፍተለተለች ትጠብቃለች። መብራት ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የለም። ስክሪኑ ሲበራ መጀመሪያ ያየችው ባትሪውን ነው፤ አሥራ አራት በመቶ።

«የሟች ስም አረጋሽ ወዳጆ ነው አይደል አባ?»

«አዎ፣ አረጋሽ ወዳጆ፤ የታች አምባዋ። ልጇን እየሩስን ጠየቅኋት። ዛሬ ንጋት ላይ ነው ከአዲስ አበባ የገባችው። የእናቷን የክርስትና ስም አታውቅም። ከየትስ ታውቀዋለች?»

ሳሌም ስክሪኑ ላይ ቢጫ ቀለም በቀባችው ሳጥን ውስጥ ስሙን ከነአባቱ ጻፈች። ከጎኑ ባለው ሳጥን ሁለት ቃል ብቅ አለ።

«ወለተ ሐና» አለች።

ቄሱ ከጸሎት መጽሐፋቸው መካከል ቁራጭ ወረቀት አውጥተው ጻፉት። ጽፈው ሲያበቁ ፈገግ አሉ።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ። አቶ አፈወርቅ አሁን እዚህ ቢኖሩ ደስ ባለኝ።»

ሳሌም ደስታዋ እንዳይታይባት አንገቷን ደፋች። ቄሱ ቁልቁለቱን ይዘው ሲወርዱ እስኪሰወሩ ድረስ በመስኮቱ አየቻቸው፤ ከዚያ ባትሪው እንዳያልቅ ላፕቶፑን ዘጋችው።

ባለፈው ክረምት ነበር ሥራውን የጀመሩት። የሰበካው መዝገብ በእርጥበት ተበልቶ ገጾቹ እንደ ቂጣ መፈርፈር ጀምረው ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛዋ ታዲዮስ እያነበበ፣ ሳሌም እየጻፈች የስድስት መቶ አርባ ሰው ስም አስገቡ። በአንዱ ዓምድ ስም፣ በሁለተኛው የአባት ስም፣ በሦስተኛው ጎጥ፣ በአራተኛው የክርስትና እናት ወይም አባት፣ በመጨረሻው ደግሞ የክርስትና ስም። መዝገቡ ከዚያ በኋላ ሊጠረዝ ደብረ ብርሃን ተላከ፤ እስካሁን አልተመለሰም።

የክርስትና ስም እንደ ሌላው ስም በየደጁ አይጠራም። ባለቤቱ፣ የንስሐ አባቱና የክርስትና ወላጁ ያውቁታል፤ ይበቃል። ክፉ ሰው እጅ ከገባ ድግምት ይሠራበታል እየተባለ ብዙ አሮጊቶች ለገዛ ልጆቻቸው እንኳ አይናገሩትም። ሰው ሲሞት ግን ፍትሐቱ የሚደርሰው በዚያ ስም ነው። የሟቿ የንስሐ አባት፣ አባ ወልደ አማኑኤል፣ ዐምና ዐርፈዋል። ቄስ መርስዔ ኃዘን ደግሞ ከመርሐቤቴ በኩል ከመጡ ገና ስድስት ወራቸው ነው፤ የአገሩን ሰው ለይተው አያውቁም።

የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ አቶ አፈወርቅ ሥራውን ከመጀመሪያው ተቃውመው ነበር። «የነፍስ ስም በማሽን አይያዝም። ደግሞስ በዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጅ?» ብለው ነበር በስብሰባው ላይ። ቄስ መርስዔ ኃዘን ናቸው ቆመው የተከራከሩላት። አቶ አፈወርቅ በመጨረሻ ዝም አሉ፤ ግን ከመቀመጣቸው በፊት ያሏትን ሳሌም አትረሳውም። «አንድ ስሕተት ነው የምጠብቀው። አንድ።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ታዲዮስ እያፏጨ ገባ። ሬሳው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃረብ ደወል መምታት የዛሬ ተራው የሱ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከሳሌም በአንድ ዓመት ይበልጣታል፤ በቁመትም እንዲሁ በአንድ ክንድ።

«አቦ፣ ዛሬ እንዴት እንደ ደነገጥኩ!» አለ አግዳሚው ላይ እየተዘረጋ። «አረጋሽ ሞቱ ሲሉኝ የወፍጮ ቤቷ መስለውኝ። አሁን መንገድ ላይ ዱላቸውን ይዘው ወደ ለቅሶው ሲወርዱ አገኘኋቸው። 'ምን ያፈጥጥሃል፣ ሬሳ አይተህ አታውቅም?' አሉኝ።»

ሳሌም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀጥ አለ።

«የወፍጮ ቤቷ አባታቸው ማን ይባላል?»

«ወዳጆ ነዋ። ትዝ አይልሽም? ክረምት ሳነብልሽ 'አረጋሽ ወዳጆን ጽፈናታል እኮ' ብለሽ ልትዘሊያት ነበር። ሁለት ናቸው ብዬ የመለስኩሽ እኔ ነኝ።»

ሳሌም ላፕቶፑን ከፈተች። ባትሪው ዘጠኝ ሆኗል። ስሞቹን ወደ ታች መግፋት ጀመረች። ሰማንያ ስምንተኛው ረድፍ ላይ አረጋሽ ወዳጆ፣ ወለተ ሐና። ከዚያ ብዙ ወረደች። አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አረጋሽ ወዳጆ፣ ፍቅርተ ማርያም።

ስም ፈልጎ የሚያወጣውን ፎርሙላ ራሷ ነበረች የሠራችው፤ ስምንና የአባት ስምን ብቻ እንዲያመሳክር። ፎርሙላው ከላይ ጀምሮ ይወርዳል። የተባለውን ስም ሲያገኝ ይቆማል። ከዚያ በታች ሌላ አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም።

«ታዲ» አለች። «ለአባ የመጀመሪያዋን ነው የሰጠኋቸው።»

ታዲዮስ ከአግዳሚው ተነሣ። «ጎጥ ጨምሪበታ።»

ጨመረች። ሦስቱ ዓምዶች አንድ ላይ ሲገጥሙ ብቻ መልስ እንዲሰጥ አድርጋ ፎርሙላውን አደሰችው። አንድ ቅንፍ ረስታ ሁለት ጊዜ እምቢ አላት። በሦስተኛው ተቀበላት። አረጋሽ፣ ወዳጆ፣ ታች አምባ ብላ ጻፈች።

ሳጥኑ «የለም» አለ።

ሁለቱም እንደገና ረድፎቹን አዩ። የመጀመሪያዋ አረጋሽ ጎጥ ጨፌ ይላል። የሁለተኛዋ ምንጭ ሜዳ። ታች አምባ የሚል የለም፤ ወፍጮ ቤት የሚልም የለም። መዝገቡ ሲጻፍ ሳሌም አልተወለደችም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ አግብተዋል፣ ባል ሞቶባቸዋል፣ ልጅ ቤት ገብተዋል። መዝገቡ ብቻ እዚያው ቀርቷል።

«ስለዚህ ግማሽ በግማሽ ነው» አለ ታዲዮስ። «ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ። ላሽ በይው።»

«ባልሆንስ?»

«ባትሆኚስ ማን ያውቃል? እግዚአብሔር ሰዋቸውን አያውቃቸውም? ሰማይ ቤት በር ላይ 'ስምዎ እዚህ የለም፣ ይመለሱ' የሚላቸው አለ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። «እንዲያ ከሆነ አባ ያን ሁሉ መንገድ ለምን መጥተው ጠየቁኝ?»

ታዲዮስ ወደ መስኮቱ ዞረ። «አፈወርቅ ይሰማሉ። ላፕቶፑን ዕቃ ቤት ይቆልፉበታል። የክረምቱ ሥራችን ገደል ገባ ማለት ነው። አባም ባንቺ የተነሣ ያፍራሉ። እሱን አስበሻል?»

አስባዋለች።

«ይኸው ወጡ» አለ ታዲዮስ።

ከታች፣ ከገብሱ ማሳ ጥግ፣ ሰልፉ ብቅ ብሏል። መጀመሪያ ጃንጥላዎቹ፣ ከዚያ በቃሬዛ የተያዘው አስከሬን፣ ከኋላ ወንዶቹ፣ ከሁሉም ኋላ ሴቶቹ። ትንሽ ሄዱና ቆሙ። ቃሬዛው መሬት ወረደ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ሰባት ጊዜ ይቆማል። በየማረፊያው ጸሎት ይደርሳል፤ በየጸሎቱ የሟች ስም ይጠራል።

«አንድ» አለ ታዲዮስ፤ ማለት ግን የፈለገ አይመስልም።

ሳሌም ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች። ባትሪው አራት ይላል። «የወፍጮ ቤቷን ሄጄ ብጠይቃቸውስ? የአንዷ ከታወቀ የሌላዋም ታወቀ።»

«የክርስትና ስማቸውን? ላንቺ? እሳቸው የዶሯቸውን ስም አይነግሩሽም።»

የክርስትና ወላጅ ስም ያለበት አራተኛው ዓምድ ላይ ዓይኗ ዐረፈ። እስክሪብቶ አነሣችና በግራ መዳፏ ላይ ጻፈች። ጥሩሸዋ፣ ወለተ ሐና። ከሥሩ አስካለ፣ ፍቅርተ ማርያም። የመጨረሻውን ፊደል ስትጨርስ ስክሪኑ ጠቆረ።

«ሁለት» የሚለውን የታዲዮስን ድምፅ የሰማችው በሩን አልፋ ነው።

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደችው። ነፋሱ ፊት ለፊት ይገፋታል፤ ነጠላዋ አንገቷ ላይ ይጠመጠማል። ሰልፉ ጋ ስትደርስ ሦስተኛው ማረፊያ አልፎ ቃሬዛው እንደገና ተነሥቷል። የወንዶቹን ሰልፍ በሩቁ አለፈችና ከሴቶቹ ኋላ ገባች። እዚህ ከፊት የሚደረሰው ጸሎት አይሰማም። ነፋሱ ይወስደዋል፤ የቀረውን ልቅሶው ይሸፍነዋል።

እማማ አረጋሽ፣ የወፍጮ ቤቷ፣ ከሁሉም ኋላ ናቸው። ጥቁር የፕላስቲክ ቦት ጫማ አድርገዋል። የባሕር ዛፍ ዱላቸውን እየተከሉ ቀስ ብለው ይወጣሉ።

«የትዕዛዙ ልጅ አይደለሽም?» አሉ ሳሌምን ሲያዩ። «ምን ሆነሽ ነው እንደ ጭነት ፈረስ የምታለከልኪው?»

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። የክርስትና ስምዎ ማን ነው?»

«ምን ልታደርጊው? ልትቀብሪኝ ነው?»

አጠገባቸው ያሉት ሁለት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ለመዝገብ ነው እማማ።»

«ለመዝገቡ ድሮ ነግሬዋለሁ፤ ላባ ወልደ አማኑኤል። ሌላ የሚያውቀው አያስፈልገኝም። የክርስትና ስም ጨው አይደለም፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚበዳደረው። ሂጂ፣ ከእኩዮችሽ ጋር ሁኚ።»

ሳሌም አልሄደችም። ምን ብላ እንደምትቀጥል ስታሰላስል መንገዱ ከአለቱ ሥር ገባ፤ ትልቁ ኮሶ ያለበት ቦታ። እዚያ ነፋስ የለም። ፊት ያሉት ቆሙ። ቃሬዛው ወረደ። አራተኛው ማረፊያ ነበር። አልቃሾቹም ትንፋሽ ለመሰብሰብ ዝም አሉ። በዚያች ዝምታ ውስጥ የቄስ መርስዔ ኃዘን ድምፅ አለቱን እየመታ ጥርት ብሎ ወደ ኋላ መጣ።

«አዕርፍ ነፍሰ አመትከ ወለተ ሐና…»

የእማማ አረጋሽ ዱላ ከተተከለበት ሳይነቀል ቀረ።

ሳሌም ፊታቸውን አየች። የቀልዱ ምልክት ሁሉ ጠፍቶበታል።

«ሰማሽ?» አሉ።

«ምኑን እማማ?»

«ምንም። ምንም።» እጃቸውን ዘርግተው የሳሌምን ክንድ ያዙ። «እኔ ከዚህ ልመለስ። ቤት ድረስ ሸኚኝ። ለልጄ ንገሪልኝ፣ መግነዜ ከሳጥኑ ሥር ነው፤ ታጥቦ ተቀምጧል። የንስሐ አባት እንኳ አልያዝኩ፣ አባ ካረፉ ወዲህ። ዛሬ ነገ ስል…»

ሴቶቹ ወደ ፊት ቀጥለዋል። ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሳሌም የአባቷ አክስት ትዝ አለቻት። በሕልሟ ስሟ ሲጠራ ሰምታ አልጋ ላይ ወጣች፤ ምንም ሳያማት በሁለት ሳምንቱ ሞተች። ሰው እንደ ተጠራ ካመነ፣ ይሄዳል።

«እማማ፣ የክርስትና እናትዎ ማን ነበሩ?»

«አሁን ይኼ ምን ያደርግልሻል?»

«ጥሩሸዋ የሚባሉ ናቸው?»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። «ጥሩሸዋን በየት አወቅሻት? ከሞተች አርባ ዓመት አልፏታል።»

ሳሌም መዳፏን ገለጠች። ላቡ ቀለሙን አፍስሶታል፤ ግን ይነበባል። ጥሩሸዋ ካለበት መስመር ወለተ ሐና አለ። ግማሽ በግማሽ የሚባል ነገር ከእንግዲህ የለም።

«እርስዎን አይደለም የጠሩት» አለች። «እግዚአብሔርም አልጠራዎትም። እኔ ነኝ።»

ከዚያ ነገረቻቸው። ሁለት አረጋሽ ወዳጆ እንዳሉ፣ ማሽኑ የመጀመሪያዋን ሲያገኝ እንደሚቆም፣ እንደሱ አድርጋ የሠራችው ራሷ እንደ ሆነች። ሌላ ጊዜ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት፤ አሁን ቃላቱ እየተጋፉ ወጡ። እማማ አረጋሽ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰሟት። ማሽን ያለችው የገባቸው አይመስልም። ሌላው ግን ገብቷቸዋል።

«እንግዲያ በቁሜ አራት ጊዜ ፍትሐት ደረሰልኝ በይኛ» አሉ በመጨረሻ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ።»

«እኔ ምን ጎደለብኝ። ጸሎት ተረፈኝ እንጂ።» በዱላቸው ወደ ቃሬዛው አመለከቱ። «የጎደለባት እሷ ናት። ከቤቷ እስከዚህ በሰው ስም መጣች።»

ቃሬዛው ተነሥቶ መውጣት ጀምሯል። ከፊት የአቶ አፈወርቅ ነጭ ባርኔጣ ከሰው ሁሉ ጎልቶ ይታያል። ከቃሬዛው ኋላ እየሩስ አለች፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋታል። ሳሌም ባለችበት ቆማ አሰበች። ከቀብር በኋላ ማታ አባ ቤት ሄዳ ለብቻቸው ልትነግራቸው ትችላለች። እሳቸው የሚሉትን ብለው ያስተካክሉታል። እየሩስ አትሰማም፤ አቶ አፈወርቅም አይሰሙም። ይኼ ውሸት አይባልም። መዘግየት ነው እንጂ።

ከላይ ደወሉ ተመታ። ታዲዮስ ነው። ቃሬዛው ወደ አምስተኛው ማረፊያ፣ ወደ ድንጋይ ካቡ፣ እየቀረበ ነው።

«እኔ ልሂድልሽ?» አሉ እማማ አረጋሽ። ፊቷን ሲያጠኑት ቆይተው ነበር። «አሮጊት ብሳሳት ማንም አይቆጣኝም። 'ስሜን ጠራችሁት' እላቸዋለሁ፤ ነገሩ ያልቃል።»

ሳሌም ለአፍታ እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ቦት ጫማውንና ቀሪውን ዳገት አየች። ቀጥሎ ደግሞ እዚያ ላይ ደርሰው አፋቸውን ሲከፍቱ የሚሆነውን አሰበች። ይህን ሁሉ ዘመን የደበቁት ስም በአንድ ጊዜ ለአገር ሰው ሁሉ ይደርሳል።

«አይ እማማ» አለች። «እርስዎ ከተናገሩ ስምዎን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ 'ተሳስቼ ነው' ብል ግን የሚነካው እኔን ብቻ ነው።»

አሮጊቷ ዱላቸውን ነቀሉ። መንገዱን ለቀቁላት።

ሳሌም ዳገቱን ጀመረች። ምራቋን በቀኝ አውራ ጣቷ ነክራ ከመዳፏ ላይ የላይኛውን መስመር አጠፋችው፤ ጥሩሸዋንም፣ ወለተ ሐናንም። የታችኛው ብቻ ቀረ። ሴቶቹን አለፈች። አንዷ «ወዴት ነው?» አለቻት፤ አልመለሰችም። ወንዶቹ መካከል ስትገባ መንገድ የለቀቀላት የለም፤ በትከሻዋ እየገፋች አለፈች። እየሩስ አጠገብ ስትደርስ በርበሬ የመሰለ ቀይ ዓይን አያት። ልትቆም ምንም አልቀራትም ነበር፤ አልቆመችም።

ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ካቡ ሥር አወረዱት። ጃንጥላዎቹ ተጠጋጉ። ቄስ መርስዔ ኃዘን መጽሐፋቸውን ከፈቱ፤ ቁራጯ ወረቀት ነፋስ እንዳይወስዳት በአውራ ጣታቸው ይዘዋታል።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ምን ልትሠሪ ነው?» አሉ አቶ አፈወርቅ።

ደወሉ ቆመ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል። ሳሌም ከአቶ አፈወርቅ ፊት አልፋ ቄሱ ጋ ደረሰችና መዳፏን ዘረጋች።

«አባ» አለች፣ «ገና አያንብቡ።»